ዕጣ ያልወጣላቸው

አረጋሽ ለሕፃናቱ የጠዋት ገንፎ የሚሆን ዱቄት ልታወጣ ዕቃ ቤቱን ስትከፍት፣ መምህርት ልዕልትን ከብረት መደርደሪያው ሥር ተዘርራ አገኘቻት። መጀመሪያ ራሷን የሳተች መሰላት። ጎንበስ ብላ እጇን ስትይዘው ቀዝቅዟል። ሕፃናቱ በግቢው በር መግባት ጀምረው ነበርና አልጮኸችም። በሩን መልሳ ዘጋችው፤ ሌሎቹ መምህራን ልጆቹን ዳር ወዳለው ክፍል ወስደው እንዲያዘምሯቸው ነገረቻቸው፤ ከዚያ በርጩማ ስባ በሩ ላይ ተቀመጠች። ፖሊስ እስኪመጣ ከዚያ አልተነሣችም።

ኢንስፔክተር ኦቻላ ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር ወዳለው የሕፃናት ማዕከል ሲደርስ ልጆቹ ገና እየዘመሩ ነበር።

ኦቻላ አኙዋክ ነው። በሕፃንነቱ ከደቡብ ሱዳኗ ፖቻላ ተሰድዶ ጋምቤላ አደገ፣ አዲስ አበባ ተማረ፣ ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ተመልሶ ጁባ ፖሊስ ገባ። አማርኛው ከአረብኛው ይሻላል። ስለዚህ ሀበሻ የሞተበትም ሆነ ሀበሻ የተጠረጠረበት ጉዳይ ሁሉ ወደ እሱ ይመራል። ካለፈው ዓመት የሐምሌ ጦርነት ወዲህ እንዲህ ያለው ጉዳይ በዝቶ ነበር፤ አብዛኛውም «ያልታወቁ ታጣቂዎች» ተብሎ ይዘጋል።

የልዕልት ቁስል ከራሷ በስተኋላ ነው። የመደርደሪያው ሹል ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል። ጥግ ላይ የፀሐይ መብራቱ ባትሪ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። የጣቢያው አዛዥ ራሱ መጥቶ ቆሞ አየና ነገሩ ግልጽ ነው አለ። ሌባ ገብቷል፣ መምህርቷ ደርሳበታለች፣ ገፍትሯት ባትሪውን ይዞ ሄዷል። ጁባ ውስጥ በባትሪ ምክንያት የሞተ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም።

አዛዡ ሲወጣ ኦቻላ ወደኋላ ቀረ። ከበሩ ትይዩ የዱቄት ጆንያና የዘይት ጄሪካን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። በዚያ ዓመት ወታደሩ ሳይቀር ደመወዝ ካየ ወራት አልፎት ነበር፤ ዱቄት የጫነ መኪና በታጣቂ ታጅቦ ነው የሚሄደው። ከጆንያዎቹ አንዱም አልተነካም። ባትሪው የተነቀለበትን ሽቦ ቀና ብሎ አየው። አልተቆረጠም። ብሎኖቹ በመፍቻ ተፈትተዋል፤ ሽቦውም ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ዱቄት ትቶ የሚሄድ፣ ሽቦ ጠቅልሎ የሚሰቅል ሌባ በጁባ አያውቅም።

አረጋሽ የምታውቀውን ነገረችው። ልጆቹ የሚለቀቁት እኩለ ቀን ላይ ነው። ትናንት መምህራኑ ሁሉ ዝናቡ ሳይመጣ ወጥተዋል፤ ልዕልትም አብራቸው ወጥታ ነበር። መቼ እንደተመለሰች ያየ የለም። ዘበኛው ዝናቡ ሲጠና ጎረቤት ሻይ ቤት ተጠልሏል። የኋላው በር ቁልፍ ደግሞ በሥራ አስኪያጁም በመምህራኑም እጅ ይገኛል። ኦቻላ፣ ልዕልት ከሥራ በኋላ የት ትሄድ እንደነበር ሲጠይቃት አንገቷን ደፋች።

«ሙት አይወቀስም፣ ኢንስፔክተር።»

«እትዬ አረጋሽ፣ ገዳይዋ እንዲገኝ ይፈልጋሉ?»

ትንሽ አመነታችና፣ ከሰዓት ከሰዓት ማላኪያ ሰፈር ከአንድ ማሽላ ነጋዴ መጋዘን ትገባለች ይባላል አለችው። ነጋዴው ረፊቅ ይባላል። ወሬው ባሏም ጆሮ ደርሷል። የሰው አፍ ነው እንጂ እሷ በዓይኗ አላየችም።

ሥራ አስኪያጁ ምንያህል ግቢው መካከል ቆሞ ለመምህራኑ ሥራ ያከፋፍል ነበር። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ማዕከሉን ያቋቋመው እሱ ነው። ባሕር ማዶ ካለ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ለምኖ፣ በሀይ ጀላባና በማላኪያ የሚኖሩ የድሆች ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ ከሌሎቹ ወደኋላ እንዳይቀሩ ያዘጋጃል። የሻይ ሻጮች፣ የወታደር ሚስቶች፣ የተፈናቃዮች ልጆች እዚህ እርሳስ መያዝ፣ ፊደል መለየት፣ ተራ መጠበቅ ይማራሉ። ምንያህል ለተጠየቀው ሁሉ ሳይሸሽ መለሰ። ትናንት ከሰዓት ከድርጅቱ የምትላክ ገምጋሚ ልቀበል ኤርፖርት ነበርኩ፣ አውሮፕላኑ በዝናብ ምክንያት ስለዘገየ እስከ ማታ ጠብቄ ተመለስኩ አለ። ለልዕልት ስልክ መደወሉንም ራሱ ተናገረ፤ የእንግዳዋን ነገር ሊያስታውሳት ነው። አስከሬኑ ሲወጣ ልጆቹ እንዳያዩ መስኮቶቹ እንዲሸፈኑ ለመነ። ኦቻላ ፈቀደለት።

የልዕልት ባል በድሉ ጁባ ታውን በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት አለው። ኦቻላ ሲደርስ ጠረጴዛዎቹ ተነሥተው ወንበሮቹ ለለቅሶ ተደርድረዋል። በድሉ ከለቀስተኞቹ ተለይቶ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቀኝ እጁ በጨርቅ ታስሯል።

ዘይት ነው ያቃጠለኝ አለ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከቤቱ አልወጣሁም አለ። ኦቻላ ከጓዳው ሲወጣ አስተናጋጇን ተሻለችን ለብቻዋ ጠየቃት። ልጅቷ ወደ ጓዳው እያየች፣ ጋሼ በድሉ ከምሳ ሰዓት በኋላ ወጥቶ ዝናብ ሲመታው ቆይቶ መመለሱን፣ ጨርቁንም እጁ ላይ ያሰረችለት እሷ መሆኗን ተናገረች። ጨርቁ ሲፈታ የእጁ አንጓዎች ተልጠዋል እንጂ ቃጠሎ የለበትም።

በድሉን ጣቢያ ወሰዱት። ለሰዓታት አልተናገረም። በመጨረሻ ውኃ ለመነ፣ ጠጣ፣ ከዚያ ተናገረ። ወሬውን ከሰማ ወር አልፎታል። ወር ሙሉ ያቀረበችለትን አልበላም፣ አልጋም ለይቷል። ትናንት ተከትሏት ማላኪያ ሄደ፤ የረፊቅ መጋዘን ስትገባና በሩ ሲዘጋ አየ። ገብቶ ሁለቱንም ሊገድል አስቦ ነበር። እግሩ እምቢ አለው። በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ቡጢውን እየደበደበ ቆየ፣ ከዚያ በዝናብ ተመለሰ።

«ሳይሽ ነበር እንኳ አላልኳትም» አለ። «ማታ እነግራታለሁ ብዬ ነበር።»

ኦቻላ ሄዶ የመጋዘኑን አጥር አየ። ቆርቆሮው ላይ የረጋ ደም ነበር፤ ከማዶ ያለች አትክልት ሻጭም አንድ ሀበሻ አጥር ሲደበድብ አይታ አብዷል ብላ ልጆቿን መሰብሰቧን ነገረችው። በድሉ አልዋሸም። ያም ሆኖ ሚስቱ ከዚያ መጋዘን ወጥታ ወደ ሞቷ ሄዳለች፣ በውስጡ የነበረው ደግሞ ረፊቅ ነው።

ረፊቅ ጁባ ተወልዶ ጁባ ያረጀ ሰው ነው። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ካርቱም ናቸው። ሴትዮዋ እኔ ዘንድ ትመጣ ነበር፣ ክፉ ነገር ግን አልሠራንም አለ። ታዲያ ምን ትሠራ ነበር ቢባል፣ ለሟች ቃል ሰጥቻለሁ፣ ቃሌን አልበላም አለ። የእንዲህ ያለ ሰው ዝምታ ለፖሊስ ጥፋተኝነት ነው። ኦቻላ እንዲይዙት አዘዘ። ፖሊሶቹ እጁን ወደኋላ አስረው፣ ሲንገዳገድ በጥፊ መትተው፣ መኪና ላይ ጫኑት። በመጋዘኑ ደጅ ሴቶችና ሕፃናት ተሰብስበው ነበር። ኦቻላ እህል ሊገዙ የመጡ መሰሉት።

መኪናው ከሄደ በኋላ እሱ ወደ ውስጥ ገባ። ከማሽላው ጆንያዎች ጀርባ መሬቱ በሰሌን ተሸፍኗል። ግድግዳው በከሰል ጠቁሯል፣ በጥቁሩ ላይ በጠመኔ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ፊደሉ የተጻፈው በጣም ዝቅ ተደርጎ ነው፤ ኦቻላ ሊያነበው ቁጢጥ ማለት ነበረበት። ከፊደሉ ሥር ሌላ፣ የተንሻፈፈ፣ በትንሽ እጅ የተጻፈ ፊደል አለ።

ከኋላው አንዲት ሴት ገባች። ሉብና ትባላለች፣ ሻይ ሻጭ ናት። ትንሽ ልጇን በእጇ ይዛለች። ሽማግሌውን ልቀቁት፣ ምንም አላደረገም አለች። ኦቻላ አረጋግቶ ሲጠይቃት ሁሉንም አወጣችው።

ማዕከሉ ሲከፈት የሰፈሩን ልጆች ሁሉ መዝግበው ነበር። በኋላ ቦታው አይበቃም ተባለና ዕጣ ተጣለ። ዕጣ የወጣላቸው ገቡ። ያልወጣላቸው እናቶች ሊሄዱ ሲሉ ቆዩ ተባሉ፤ የእናንተም ልጆች በየጊዜው እየመጡ ጥቂት ጥያቄ ይጠየቃሉ አሏቸው።

«ለምን እንደሚጠይቋቸው አልነገሩንም» አለች ሉብና። «ሳሙና ሰጡን።»

አንድ ቀን የእሷ ልጅ ተጠይቃ ምንም ሳትመልስ ስትወጣ፣ መምህርት ልዕልት ተከትላቸው ወጣች። ቤታቸው የት እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ዕጣ ያልወጣላቸውን ልጆች ሰብስባ ስታስተምር ቆየች። ሽማግሌው ቦታ ሰጣት። አንድ ነገር ብቻ አደራ አለች፤ ማዕከሉ እንዳይሰማ። ለምን እንደሆነ እናቶቹ አያውቁም። ትናንትም አስተምራ፣ ዝናቡ ሲጀምር ልጆቹን ለእናቶቻቸው እያስረከበች ሳለ ስልክ ተደወለላት። ተቆጥታ ነበር የመለሰችው። በአማርኛ ስለነበር ምን እንዳለች ሉብና አልገባትም፤ ሆኖም ወዲያው በዝናብ ሄደች።

ኦቻላ ልጅቷን አያት። እሷ ከግድግዳው ፊደሎች በአንዱ ላይ ጣቷን አድርጋ ስሙን ጠራች። ቀጥላ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ጠራች። ፖሊስ ፊት መሆኗን ረስታ ነበር። እናቷ ግን አልረሳችም። እጇን ይዛ ሳበቻትና ይዛት ወጣች።

ረፊቅና በድሉ በዚያው ዕለት ተለቀቁ። ሽማግሌው ከንፈሩ አብጦ ነበር። ኦቻላ ይቅርታ ሲጠይቀው፣ እኔን መምታታችሁን እረሳዋለሁ፣ በልጆቹ ፊት መምታታችሁን ግን አልረሳውም ብሎት ወጣ።

ለበድሉ የነገረው ኦቻላ ራሱ ነው። ምግብ ቤቱ ሄዶ ከለቀስተኞቹ መካከል አስነሥቶ፣ ሚስቱ ማላኪያ ምን ትሠራ እንደነበር ነገረው። 

«ነግራኝ ነበር» አለ በድሉ። «የድሆች ልጆች ነው የማስተምረው አለችኝ። ማነው የሚከፍልሽ አልኳት። ማንም አለች። ሳቅሁባት።»

 በዚህ ከተማ በነፃ የሚሠራ ሰው አለ ቢሉት ኦቻላም ይስቅ ነበር።

ገምጋሚዋ ራሄል ከናይሮቢ የመጣችው አስከሬኑ በተገኘ ዕለት ከሰዓት ነው። ኢትዮጵያዊት ናት፣ ለድርጅቱ የሕፃናት ትምህርት ትመዝናለች። ኦቻላ ያረፈችበት ሆቴል ሄዶ ስለ ዕጣው ጠየቃት። እሷም ደብቃ አልነገረችውም። ድርጅቱ ገንዘቡ ለውጥ ማምጣቱን ማወቅ ይፈልጋል። ይህ የሚታወቀው የተማሩትን ካልተማሩት ጋር በማነጻጸር ነው። የገቡት ልጆች ካልገቡት በልጠው ከተገኙ ገንዘቡ ይቀጥላል፣ ወደ ሌሎች ከተሞችም ይስፋፋል። ካልበለጡ ይዘጋል።

«ልዩነት አለ?» አላት።

«ያለፈው ልኬት ላይ አልነበረም። ሁለቱም እኩል ናቸው።» የውኃውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አዞረችው። «ያልተማሩት እንዴት እንዳወቁ ልረዳው አልቻልኩም። ለምንያህል ደውዬ ጠየቅኩት። አጣርቼ እነግርሻለሁ አለኝ። የመጨረሻው ልኬት በዚህ ሳምንት ነው፣ ለእሱ ነው የመጣሁት።»

ኦቻላ በመጋዘኑ ውስጥ ያየውን ነገራት። ራሄል ዓይኗን ጨፈነች።

«ውጤቱ ተበክሏል ማለት ነው» አለች።

«ምን በከለው?»

ብርጭቆውን ከፊቷ ገፋችው። ኦቻላም ከወንበሩ ሲነሣ፣ ያንን ልዩነት ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ሰው ማን እንደሆነ አውቆት ነበር።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም በማግሥቱ ጠራው። ልዕልት ወዲያው አልሞተችም አለው። ወድቃ ረጅም ጊዜ ቆይታለች፤ ቶሎ ሆስፒታል ብትደርስ የመትረፍ ተስፋ ነበራት። ኦቻላ ከዚያ በቀጥታ ኤርፖርት ሄደ። በአየር መንገዱ መስኮት የምትሠራ ሀኒ የምትባል ወጣት ምንያህልን በደንብ ታውቀዋለች፤ እንግዳ ሊቀበል ብዙ ጊዜ ይመጣል። የናይሮቢው አውሮፕላን በዚያ ቀን ከደመናው መውረድ አቅቶት ወደ ኡጋንዳዋ ኢንቴቤ መመለሱን ለምንያህል የነገረችው እሷ ናት። ገና ዝናቡ እንደጀመረ ነው። ምንያህል እሺ ብሎ ወዲያው ወጣ። የማዕከሉ ሾፌር ደግሞ፣ ምናልባት ሌላ በረራ ካለ እንዲጠብቅ ታዝዞ እስኪመሽ ኤርፖርት መዋሉን፣ አለቃው ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ተሳፍሮ መሄዱን ተናገረ። ለምን እስካሁን አልተናገርክም ቢለው ማን ጠየቀኝ አለ።

ምንያህል ቢሮው ውስጥ ነበር። ግድግዳው በሕፃናት ሥዕል ተሞልቷል። ኦቻላ ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«እስከ ማታ ኤርፖርት ነበርኩ ብለውኛል።»

«ነበርኩ።»

«አውሮፕላኑ መመለሱን ሀኒ ነግራዎታለች። በዚያ ዝናብ በቦዳ ቦዳ የት ሄዱ?»

ምንያህል ቤቴ አለ። ከዚያ አይ ቢሮ አለ። ሰው ደንግጦም ሊሳሳት ይችላል፣ ልዕልት እህቴ ማለት ነበረች አለ። ኦቻላ አላቋረጠውም። የያዘው የሰዓት ውሸት ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለአዛዡ አይበቃም። ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቀና ቀስ ብሎ ጠየቀው።

«ሽቦውን ለምን ጠቀለሉት?»

«የተራቆተ ሽቦ ነው፣ ልጆች ይነኩ...»

የተናገረውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።  ከማዶ ክፍል ሕፃናት ተራ በተራ ስማቸውን ሲጠሩ ይሰማል።

ምንያህል እጁን አንሥቶ ጥግ ላይ ወደ ተደረደሩት ካርቶኖች አመለከተ። ከውጭ የመጡ የእንጨት መጫወቻዎች ናቸው። ኦቻላ የታችኛውን ሲከፍተው ባትሪው እዚያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ አላስፈለገውም። ራሄል ከደወለችለት በኋላ መምህራኑን አንድ በአንድ ሲከታተል ልዕልት ላይ ደረሰ። አውሮፕላኑ መመለሱን ሲሰማ አንድ ቀን ያተረፈ መሰለው፤ ደውሎ ወደ ማዕከሉ ጠራት። ዕቃ ቤት ያገኛት ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው ብሎ ነው። ማዕከሉ ከተዘጋ በውስጡ ያሉት ልጆች እንደሚበተኑ ነገራት። በዋው፣ በቶሪትና በቦር ከተሞች ቦታ ተመርጧል፣ በየከተማው የሚጠብቅ ልጅ አለ፣ ለጥቂት ልጆች ብለሽ ያን ሁሉ ልጅ አታጥፊ አላት። እሷ ደግሞ፣ እነዚያን ልጆች አላየኋቸውም፣ እነዚህን ግን በየቀኑ በር ላይ አያቸው ነበር አለችው።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኳት» አለ ምንያህል። «ለአንድ ቀን ብቻ። ፈተናው ላይ ሲጠየቁ አላውቅም እንዲሉ ንገሪያቸው አልኳት።»

«እሷስ?»

«ሕፃን አላውቅም እንዲል አላስተምርም አለች። ለራሄል ራሴ እነግራታለሁ ብላ ልትወጣ ስትል ያዝኳት። እጇን ስትመነጭቀኝ ገፋኋት። መግፋት ብቻ ነው ኢንስፔክተር፣ እግዚአብሔር ያውቃል።»

ኦቻላ እስከዚያ እርስዎ ሲለው ነበር።

«ስትወድቅ ትተነፍስ ነበር?» አለው። «እውነቱን ንገረኝ።»

ምንያህል ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቀለም እርሳስ አስተካከለ።

«ትተነፍስ ነበር።»

«ባትሪውን ስትፈታስ?»

«ያኔም።»

ሆስፒታል ሊወስዳት አስቦ እንደነበር ተናገረ። መኪና የለም፣ ዝናብ ነው። ደግሞ ብትነቃ ለራሄል ትነግራታለች። በሩን ገርበብ አድርጎ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲያስብ ቆየ። ስለ ዋው ልጆች ነበር የማስበው አለ። ተመልሶ ሲገባ ትንፋሿ አይሰማም ነበር።

ይዘውት ሲወጡ ልጆቹ ለእረፍት ግቢው ውስጥ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁን አይተው እንደ ወትሮው ሮጠው ከበቡት። እጁ በካቴና ስለታሰረ ኦቻላ ጃኬቱን አውልቆ ሸፈነለት።

ኦቻላ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። ፈተናው ግን ገና ነበር። ራሄል ለድርጅቱ የሆነውን ሁሉ ጽፋ ልኬቱ እንዲዘገይ ጠየቀች። አዝነናል፣ ሆኖም የቦርዱ ስብሰባ ስለማይራዘም ልኬቱ በተያዘለት ሳምንት ይካሄድ የሚል መልስ መጣላት። ዕጣ የወጣላቸው ልጆች በለመዱት ክፍል፣ በለመዷቸው መምህራን ፊት ተጠየቁ። ልዕልት አገሯ ሄዳለች ተብለዋል፤ እየተሳሳቁ መለሱ።

በማግሥቱ ከማላኪያ ሌሎቹ መጡ። ኦቻላ የሲቪል ልብስ ለብሶ መስኮቱ ጋ ቆመ። መጀመሪያ የገባችው የሉብና ልጅ ነበረች። የማዕከሉ ጠያቂ ፊደል የተጻፈበት ካርድ አሳያት። ኦቻላ ያን ፊደል አወቀው፤ እሷ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ጣቷን አድርጋ ስሙን የጠራችው ነው። ልጅቷ ካርዱን አየችው። ከዚያ እናቷን አየች።

«አና ማ አሩፉ» አለች። አላውቅም።

ቀለም ተጠየቀች። አና ማ አሩፉ። እንድትቆጥር ኳስ ተደረደረላት፣ እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። ቀጥሎ የገባው ወንድ ልጅ ስሙን እንኳ አላውቅም አለ። ሦስተኛዋ አለቀሰች። የቀሩትም ሁሉ ተራ በተራ እየገቡ ያንኑ ብለው ወጡ።

ኦቻላ ሉብናን በር ላይ ደረሰባት። ምን ብላ እንደመከረቻቸው ጠየቃት። ሉብና ቀና ብላ በድፍረት መለሰችለት። መምህርቷ ስላስተማረቻቸው ሞተች። ሽማግሌው ቦታ ስለሰጣቸው ታስሮ ተመታ። ልጄ ለእናንተ ፊደል ባሳየች ጊዜ ደግሞ ሥራ አስኪያጁን ወሰዳችሁት። ከእንግዲህ የማያውቁት ሰው ምንም ቢጠይቃቸው አላውቅም እንዲሉ እኛ እናቶች ተማክረን ነገርናቸው።

«ያውቃሉ እኮ» አላት ኦቻላ።

«አውቀው ምን አገኙ?»

ራሄል ልኬቱን ዘጋች። ያልተናገሩትን ያውቃሉ ብዬ መጻፍ አልችልም አለችው። ቢሆንም በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ገልጻለሁ፣ ስለ መጋዘኑም፣ ስለ ልዕልትም፣ ስለ ፍርሃቱም አለች። ቃሏንም ጠበቀች። ከቦርዱ ስብሰባ በኋላ የመጣውን መልስ በስልክ ያነበበችለት እሷ ናት። ዕጣ በወጣላቸውና ባልወጣላቸው ልጆች መካከል የታየው ልዩነት ከተጠበቀው በላይ ነው። ድርጅቱ ሥራውን ወደ ሌሎች ከተሞች ለማስፋፋት ወስኗል። በባልደረባቸው ኅልፈት ጥልቅ ኀዘን ተሰምቷቸዋል። በየከተማውም ለንጽጽር እንዲያመች እንደ ጁባው ሁሉ ዕጣ ይጣላል።

በድሉ የሚስቱን አስከሬን ይዞ ወደ ደሴ ሄደ፤ ምግብ ቤቱን ሌላ ሰው ያዘው። ረፊቅ ከሰሌኑ በላይ ማሽላ አስጫነ፤ ጆንያው ግድግዳውን ሸፈነው። ኦቻላ አንድ ጊዜ በዚያ ሲያልፍ ሰላም ብሎት ሽማግሌው ፊቱን አዞረበት። ሉብና ሻይ መሸጫዋን ከሰፈሩ አንሥታ የት እንደወሰደችው የሚያውቅ አላገኘም።

ምንያህል ፍርድ እየጠበቀ ጁባ ማረሚያ ቤት ነበር። ኦቻላ ያልተፈረመ ቃል ሊያስፈርመው ሄደ። ሰውየው ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ፈረመ። ወረቀቱን ሲመልስለት ዓይኑን ሳያነሣ ጠየቀው።

«ልጆቹ ተፈተኑ?»

«ተፈተኑ።»

«የማላኪያዎቹ ምን አሉ?»

ኦቻላ ላለመንገር አስቦ ነበር። ነገር ግን ዝም ቢል ልዕልትን የሚጠብቃት አልመሰለውም፤ ቢናገርም እንደዚያው።

«አላውቅም አሉ» አለው። «ሁሉም። ገንዘቡ ተፈቅዷል።»

ምንያህል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።  ኦቻላ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሊነሣ ሲል፣ ሰውየው እጁን ከፊቱ አነሣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በእንባው ውስጥ ግን ኦቻላ ሊያየው ያልፈለገው ሌላ ነገር ነበር።

«ለዋውም ጭምር?» አለ ምንያህል።

ኦቻላ በሩን እንዲከፍትለት ጠባቂውን ጠራው።